«ኒሺ»፦ የአንድ ብቸኛ ተጓዥ የመጀመሪያ አራት ቀናት በቶኪዮ

ይህ ጽሑፍ ከጥቅምት 8 እስከ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በቶኪዮ ያሳለፍኳቸውን የመጀመሪያ አራት ቀናት እንደ አንድ ጉዳይ ወስዶ ይመረምራል። የጉዳዩ ባለቤትም መርማሪውም እኔው በመሆኔ፣ በየምሽቱ በማስታወሻ ደብተሬ ካሰፈርኩት ላለመራቅ ጥንቃቄ አድርጌያለሁ። የሚመረመረው ጥያቄ ጠባብ ነው። ለወራት የተዘጋጀ፣ ገንዘቡንም ቪዛውንም ያሟላ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው በመጀመሪያው ምሽት ማደሪያውን ሲፈልግ አንድ ሰዓት ያህል ለምን ባከነ? ይኸው ሰው በአራተኛው ቀን ከከተማው ሌላ ጫፍ ያለ አንድ የመንገድ ዳር ምልክት ማንንም ሳይጠይቅ እንዴት አገኘ?

ከጉዞው በፊት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ለጉብኝት ሲሆን ከማመልከቻው ጋር ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ አመልካቹ በየቀኑ የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። እኔም ሠንጠረዡን በሚገባ ሞላሁ። ቀኑን የመረጥኩትም ያለ ምክንያት አልነበረም። አበበ ቢቂላ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፣ ሁለተኛ ከወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። ስድሳኛው ዓመት በሚሞላበት ዕለት ሯጮቹ ዞረው ወደ ስታዲየሙ የተመለሱበትን ቦታ በእግሬ ቆሜ ማየት ፈለግኩ።

ዝግጅቴን ዛሬ መለስ ብዬ ስመዝነው ጉድለቱ ወዲያው ይታየኛል። የማያቸውን ቦታዎች ታሪካቸውንና የመክፈቻ ሰዓታቸውን ሳይቀር አጥንቼ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው መውጫ እስከ ማደሪያዬ በር ያለውን ጥቂት መቶ ሜትር ግን በደብተሬ ውስጥ በሁለት አጫጭር መስመሮች አልፌዋለሁ። በላቲን ፊደል የተላከልኝ አድራሻ «ኒሺ» ብሎ ጀምሮ፣ ከትንሽ ሰረዝ በኋላ «አሳኩሳ 3» ይልና ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ያስከትላል። አሳኩሳ የታወቀ የቶኪዮ ሰፈር መሆኑን አውቅ ነበር። «ኒሺ» ግን የቤቱ ባለቤት ስም መሰለኝ። ስለዚህ በአንዱ መስመር «አቶ ኒሺ»፣ በሌላው መስመር «አሳኩሳ 3» እና ቁጥሮቹን ብዬ ገለበጥኩ። አብሮኝ የሚጓዝ ሰው ቢኖር ኖሮ «ለመሆኑ ይህ አቶ ኒሺ ማነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሚያጣው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ስህተቱን አብሮት የሚያይ ሁለተኛ ዓይን የለውም።

ዓርብ ምሽት

የናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሃል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሳይቀየር አሳኩሳ የሚያደርስ ባቡር ስላለ ይህኛው የጉዞዬ ክፍል አላስቸገረኝም። በባቡሩ ውስጥ ግን አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር አስተዋልኩ። የእጅ ሰዓቴ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ በአዲስ አበባና በቶኪዮ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት በመሆኑ አገር ቤት የሞላሁት ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳላንቀሳቅሰው የቶኪዮን ሰዓት በትክክል ያሳይ ነበር። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሌሎች መንገደኞች ሰዓታቸውን ሲያስተካክሉ የእኔ ግን አስቀድሞ የደረሰ ይመስል ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ሁሉ በቶኪዮ አቆጣጠር ናቸው።

አሳኩሳ የወረድኩት ከምሽቱ 9 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ተቀባይ እስከ 11 ሰዓት ብቻ እንደሚቆይ አስቀድሞ ተነግሮኛል። ስልኬ ላይ ካርታውን ከፍቼ ደብተሬ ላይ ያለውን አድራሻ፣ ማለትም «አቶ ኒሺ» የሌለበትን፣ በእጄ ጻፍኩ። ካርታውም ያለ ምንም ማመንታት መንገዱን አሳየኝ። በሮቻቸው በተዘጉት በናካሚሴ ሱቆች መካከል አለፍኩ፤ በመብራት የደመቀውን የሴንሶጂን ቤተ መቅደስ ዞርኩ፤ ኮቶቶይ የሚባለውን ሰፊ ጎዳና ተሻገርኩና ጸጥ ወዳለ የመኖሪያ ሰፈር ገባሁ። በግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የምፈልገው ቁጥር ተጽፏል። ከሱ በላይ የሰፈሩትን የጃፓን ፊደላት ማንበብ ስለማልችል ትኩረት አልሰጠኋቸውም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ የእንግዳ ማረፊያው ግን የለም። በቦታው ያለው መብራቱ የጠፋ ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤት ነው።

በዚያው ክልል ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አንድ ከሥራ የሚመለስ የሚመስል ሰው አስቁሜ አድራሻውን አሳየሁት። ሰውየው ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ በራሱ ስልክ መፈለግ ጀመረ፤ ደቂቃዎች እየተቆጠሩ ሄዱ፤ እኔ በሐፍረት «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» ለማለት ብሞክርም ሊተወኝ አልፈለገም። በመጨረሻ ያደረሰኝ እዚያው በጨለማው ቤት ፊት ነው፤ ምክንያቱም የጻፈው እኔ ያሳየሁትን አድራሻ ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

ወደ መጣሁበት ጎዳና ስመለስ በአንድ ማዕዘን ላይ ቀይ መብራት ያለበት ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ አየሁ። ጃፓኖች ኮባን ይሉታል፤ በየሰፈሩ የሚገኝ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ፖሊሶች ከሚሠሯቸው የዕለት ተዕለት ሥራዎች አንዱ ለመንገደኛ አቅጣጫ ማሳየት ነው። ዕድሜው ጠና ያለው ፖሊስ ደብተሬን ወስዶ አነበበ፤ ከዚያም የቦታ ማስያዣዬን ወረቀት ጠየቀኝ። ያላየሁትን ነገር እሱ ወዲያው አየው። ጣቱን «ኒሺ» ላይ አሳርፎ እጁን ወደ ምዕራብ ዘረጋ፤ «ኒሺ» አለኝ፤ አሁንም እጁን ዘረጋ። የቤቶቹ ሁሉ ስም በዝርዝር የሰፈረበትን ትልቅ የካርታ መጽሐፍ ገለጠና ማረፊያዬን አሳየኝ፤ በቁራሽ ወረቀት ላይም መንገዱን ሣለልኝ። ኒሺ ማለት ምዕራብ ማለት ነው። እኔ የቆምኩት አሳኩሳ ሦስት ላይ ነው፤ የምፈልገው ቤት ያለው ምዕራብ አሳኩሳ ሦስት ላይ ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ኮኩሳይ በሚባል ጎዳና የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሦስተኛ ክፍል አላቸው፤ በሁለቱም ሦስተኛ ክፍሎች ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥሮች ይገኛሉ።

ማረፊያዬ የደረስኩት 10 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። ተቀባይዋ የሰጠችኝ የመመዝገቢያ ቅጽ ዓመቱን «ረይዋ 6» ይላል፤ ይህ አሁን ያሉት ንጉሠ ነገሥት ከነገሡበት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠረው የጃፓኖች የዘመን አቆጣጠር ነው። በፓስፖርቴ 2024፣ በልቤ 2017፣ በቅጹ 6 ሆኖ ሳለ በዚያች ሌሊት ከሁሉም ትክክል የነበረው የእጅ ሰዓቴ ብቻ ነበር። ዓርብ ስለነበረና የጃፓን ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ ዳሺ ከሚባለው፣ ከደረቀ ዓሣ ከሚወጣ መረቅ እንደሚሠራ ስላነበብኩ፣ ከማዕዘኑ ሱቅ መሃሉ ላይ በጨው የታሸ ፕለም ያለበት የሩዝ ጥቅል ገዝቼ በላሁና ተኛሁ።

ስህተቱ ከየት መጣ

ያ ምሽት በካርታው፣ በቋንቋው ወይም በድካም ሊሳበብ ይችላል። እኔ ግን ምክንያቱ ከዚያ የጠለቀ መሆኑን የተረዳሁት አድራሻው እንዴት እንደሚሠራ በማግሥቱ ካጣራሁ በኋላ ነው።

በቶኪዮ ትላልቆቹ ጎዳናዎች ስም ቢኖራቸውም በአድራሻ ውስጥ አይገቡም። አድራሻው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ከሃያ ሦስቱ የከተማዋ ወረዳዎች አንዱ፣ ቀጥሎ የሰፈሩ ስም፣ ከዚያ ቾሜ የሚባለው የሰፈሩ ክፍል፣ ከዚያ በመንገዶች የተከበበው የቤቶች ጓድ ቁጥር፣ በመጨረሻም የቤቱ ቁጥር ይመጣል። ቀድሞ የቤት ቁጥር የሚሰጠው መሬቱ በመዝገብ በገባበት ቅደም ተከተል ስለነበር ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች የተራራቁ ቁጥሮች ሊይዙ ይችሉ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በብዙ ቦታ ይህን ቀይሮ፣ እያንዳንዱ ጓድ ቁጥር እንዲኖረው፣ በጓዱ ዙሪያ ያሉት ቤቶችም አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ እንዲቆጠሩ አደረገ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መንገድ ሳይሆን በመንገድ ስለተከበበ መሬት ነው ማለት ነው።

የሚገርመው ይህ አሠራር ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ ሊሆን አይገባውም ነበር። እኛም ቅጽ ስንሞላ የምንጽፈው ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር ነው፤ የመንገድ ስም የለበትም፤ ከትልቁ ወደ ትንሹም ይወርዳል። ልዩነቱ የእኛ ቁጥር የሚኖረው በወረቀት ላይ መሆኑ ነው። የቤት ቁጥሩን ነግሮ እንግዳ የሚጠራ ሰው አላውቅም። «ከፋርማሲው ጎን ባለው ኮብልስቶን ግባ፣ ሰማያዊውን በር ስታገኝ ደውልልኝ» ነው የሚባለው። በእውነቱ የአዲስ አበባ አድራሻ የመጨረሻው ክፍል «ስትደርስ ደውልልኝ» ነው። ስለዚህ ማንኛውንም አድራሻ የምመለከተው እንደ መነሻ፣ የቀረውን ሰው እንደሚሞላው አድርጌ ነው፤ በጽሑፍ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ቃል ሥራ እንዳላት ለማሰብ አልሠለጠንኩም። በቶኪዮ ደግሞ አንዲት ቃል መጣል ሌላ ሰፈር መሄድ ነው። ቦሌ አራብሳ የተቀጠረ ሰው ቦሌ ወርዶ ሲንከራተት እኛ እንስቃለን፤ እኔ ያደረግኩት ከዚያ የተለየ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ ካለማወቅ የመጣ ነው። አገር ቤት ሰፈር የሚጠየቀው ሊስትሮው፣ ባለ ሱቁ ወይም የሕንጻው ጥበቃ ነው፤ ሁሉም የሚያውቁት ሰፈሩን በዓይን ነው። ቶኪዮ ውስጥ የጠየቅኳቸው መንገደኞች ሁሉ ከመንገዳቸው ወጥተው ረድተውኛል፤ ዕውቀታቸው ግን ከስልካቸው የተለየ አልነበረም። ስልኩም የእኔን ስህተት በታማኝነት ይደግመዋል። ስህተቱን ያረመው ዋናውን ሰነድ የጠየቀው ሰው ብቻ ነው።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ጠዋት ሠንጠረዤ ሙዚየም ይል ነበር። ተውኩትና ማረፊያዬ ያለበትን ጓድ በእግሬ ዞርኩ። በየበሩ ያሉትን ቁጥሮች ተራ በተራ እያነበብኩ አንድ ዙር ስጨርስ ቁጥሩም ወደ አንድ ተመለሰ። የቾሜው ቁጥር በጃፓን ፊደል ሲጻፍ እስከ ሦስት ድረስ ለማንም ቀላል ነው፤ አንድ በአንድ አግድም መስመር፣ ሁለት በሁለት፣ ሦስት በሦስት ይጻፋል። «ኒሺ» የሚለውን ፊደል ደግሞ ተቀባይዋ በደብተሬ ላይ ስላሰፈረችልኝ ከሰሌዳዎቹ ጋር እያስተያየሁ ለየሁት። ኮኩሳይ ጎዳናን ተሻግሬ ያ ፊደል ከሰሌዳው ላይ ሲጠፋ ሳየው የሆነ ድንበር የተሻገርኩ ያህል ተሰማኝ። ይህ ሁሉ የፈጀብኝ አርባ ደቂቃ ነው፤ በአራቱ ቀናት ካጠፋሁት ጊዜ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝም እሱ ነው።

ባቡሩ ሌላ ትምህርት ነበር። አሳኩሳ በሚባል አንድ ስም የአራት የተለያዩ የባቡር ድርጅቶች ጣቢያዎች አሉ፤ ሦስቱ ተቀራራቢ ሲሆኑ አራተኛው ግን በእግር የሚያስኬድ ርቀት ወደ ምዕራብ ይገኛል፤ መውጫዎቻቸውንም እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጥራል። ለማረፊያዬ የሚቀርበው አራተኛው ነበር፤ በዓርቡ ምሽት እሱንም አላውቅም ነበር። ለመንገደኛ የሚበጀው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የያዙት ፊደልና ቁጥር ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው በጊንዛ መስመር ላይ አሳኩሳ 19 ቁጥር፣ ኡዌኖ 16 ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከቀነሰ ወደ አንዱ አቅጣጫ፣ ከጨመረ ወደ ሌላው እየሄዱ መሆኑ ይታወቃል፤ ስም ማንበብ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ለእያንዳንዱ ቦታ አምስት ነገር መጻፍ ጀመርኩ፤ የባቡሩ ድርጅት፣ የጣቢያው ቁጥር፣ የመውጫው ቁጥር፣ የሰፈሩ ሙሉ ስም፣ ከዚያም ሦስቱ ቁጥሮች።

ከሰዓት በኋላ ለሰኞው ጉዞ ልምምድ ወደ ሺንጁኩ ሄድኩ። በቀን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚያስተናግደው፣ ከ200 በላይ መውጫዎች ያሉት ይህ ጣቢያ በሁለት መስመር ቀላል ባቡር ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው የሚገባ ነገር አይደለም፤ ለመረዳትም አልሞከርኩም። የሰኞውን የኬዮ ባቡር በር ብቻ አግኝቼ፣ ወደ እሱ የሚወስደውን ምልክት በፎቶ ይዤ ተመለስኩ።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል። ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች በር ላይ የትኬት ማሽን አላቸው፤ ገንዘብ ከትቶ፣ ሥዕሉን ተጭኖ፣ የወጣውን ትኬት ለአስተናጋጁ መስጠት ብቻ ነው። መቀመጫዎቹ በግድግዳ ወይም በምግብ አብሳዩ ትይዩ ለአንድ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል ላደገ ሰው፣ አሥራ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው እያንዳንዱ ብቻውን ሲበላ ማየት መጀመሪያ ያስደነግጣል። በሁለተኛው ቀን ግን ብቸኛ ተጓዥ የማያፍርበት ከተማ መሆኑ ገባኝ።

ይህ ሆኖ ሳለ እሑድ ዕለት እንጀራ ፍለጋ ወጣሁ። ከቶኪዮ ወረዳዎች በኢትዮጵያውያን ነዋሪዎቿ የምትታወቀው ካትሱሺካ ናት፤ ከአሳኩሳ የሚነሣው ባቡር ሳይቀየር የአራካዋን ወንዝ ተሻግሮ ዮትሱጊ ያደርሳል። ቡና ያቀረቡልኝ በዕድሜ ትልቅ የሆኑ እናት የዓርቡን ታሪክ ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔም ስመጣ እንዲሁ ነበርኩ፤ ሰው እጠይቅ ነበር» አሉኝ። አሁን እንግዳ ሲጠሩ ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ ለጃፓን እንግዳ አድራሻውን ጽፈው እንደሚልኩ፣ ለአበሻ እንግዳ ግን አድራሻውንም ልከው ጣቢያው በር ድረስ ወጥተው እንደሚጠብቁ ነገሩኝ።

ሰኞ

ጥቅምት 11 ቀን ጠዋት በጊንዛ መስመር ካንዳ፣ ከካንዳ በብርቱካናማው የቹኦ ባቡር ሺንጁኩ ደረስኩ፤ የኬዮንም በር በፎቶዬ እየተመራሁ አገኘሁት። መድረሻዬ ቶቢታክዩ የምትባል ጣቢያ ናት። ስህተት ግን አልቀረልኝም፤ በአንዱ ሐዲድ ላይ በየጣቢያው የሚቆሙና ብዙውን የሚዘሉ ባቡሮች እንደሚፈራረቁ ባውቅም፣ መጀመሪያ በመጣው ልዩ ፈጣን ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩ ቾፉ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ የቆመው ፉቹ ላይ ነው፤ ቶቢታክዩ በሁለቱ መካከል በመስኮቴ አለፈች። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ወርጄ ሰው እይዝ ነበር። አሁን ግን በመድረኩ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አነበብኩ፤ በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር የሚጻፍበትን ቀለም ለየሁ፤ በዚያው ካርድ፣ ከበሩ ሳልወጣ፣ በመጣሁበት አቅጣጫ ተመለስኩ። ከስህተቱ እስከ እርማቱ የጠፋው ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ከቶቢታክዩ ጣቢያ ወደ ሰሜን፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ወደተከፈተው ስታዲየም የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ይዤ ኮሹ ካይዶ ጎዳና ላይ ወጣሁ። ጎዳናው ዛሬም የሥራ ጎዳና ነው፤ የጭነት መኪና ይበዛበታል። የዞሩበትን ቦታ የሚያመለክተው ምልክት በእግረኛ መንገዱ ዳር ቆሟል፤ ለማያውቀው ሰው ከአውቶቡስ ማቆሚያ ብዙም አይለይም። በትርፍ አንጀት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሳምንታት ብቻ የተቆጠሩለት ሰው እዚህ ዞሮ ወደ ሺንጁኩ አቅጣጫ፣ ወደ ኦሊምፒኩ ስታዲየም ተመለሰ፤ ሲጨርስም ሳሩ ላይ አካሉን ያፍታታ ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። አንድ ብስክሌተኛ ደወል አሰምቶኝ አለፈ። አጠገቤ ካለው ሕንጻ ግድግዳ ላይ ያለችውን ሰሌዳ አነበብኩና ሙሉውን አድራሻ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ምሽት ላይ በደብተሬ የዕለቱን ውሎ ስመዘግብ፣ «የጠየቅኩት ሰው» ከሚለው ርዕስ ሥር የምጽፈው አጣሁ። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ከአንድም ሰው ጋር ሳልነጋገር የዋልኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ጫማዬን አጥልቄ እንደገና ወጣሁና፣ ያንን ፖሊስ ላመሰግነው ወደ ማዕዘኑ ኮባን ሄድኩ። ተረኛው ሌላ ወጣት ነበር። የጠፋሁ መስሎት የካርታውን መጽሐፍ ማውረድ ጀመረ።